ከጩቤው ጋር የመጣችው ወረቀት



በዚህ ገጽ ላይ የሌሎችን ጥፋት ስጽፍ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ባለሥልጣኑ ይህን አጠፋ፣ ምክር ቤቱ ያንን ዘነጋ፣ ምሁሩ አፉን ዘጋ ስል ኖሬአለሁ። ዛሬ ተራው የራሴ ነው። በ1984 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ወንድ አያቴ ለቤታችን ትተውት ያለፉትን የጣሊያን ጩቤ አዳማ ከሚገኘው ቤታችን ሰርቄ፣ አዲስ አበባ ወስጄ ለአንድ የቆየ ዕቃ ነጋዴ ሸጥኩት። በሁለት መቶ ሃምሳ ብር። ገንዘቡ ለመድኃኒት ወይም ለደብተር አልዋለም። ከአራት ጓደኞቼ ጋር ላንጋኖ ወርጄ ዋኘሁበት፤ በተረፈው ጂንስ ሱሪ ገዛሁ።

ጩቤው ከክርን እስከ አንጓ የማይሞላ ነበር። እጀታው ጥቁር እንጨት፣ አፎቱ ቀለሙ የተላላጠ ብረት። በእጀታው ላይ ቀድሞ የፋሽስቶቹ ዓርማ ነበረበት፤ በአንድነት የታሰሩ በትሮችና ከመካከላቸው ብቅ ያለ መጥረቢያ። እኔ ግን ዓርማውን አይቼው አላውቅም። አያቴ እኔ ሳልወለድ በሞረድ ፍቀው አጥፍተውታልና የማስታውሰው የተቦረቦረውን ቦታ ብቻ ነው። ስለቱም ቢሆን የመጀመሪያውን ቅርጽ ትቶ ነበር። ሴት አያቴ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከእሳቸውም በኋላ እናቴ፣ ሥጋ ሲዘለዝሉበት በመኖራቸው በስለት ብዛት መንምኖ እንደ ሸምበቆ ቅጠል ቀጥኗል። ሙሶሊኒ ለጥቁር ሸሚዞቹ ያስታጠቀው ብረት በአንድ የአዳማ ማድ ቤት ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ቋንጣ ሲያዘጋጅ ኖረ። ከዚህ የተሻለ የጦር ምርኮ አያያዝ በየትኛውም ሙዚየም አላየሁም።

በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ ሚያዝያ 27፣ ታጥቦና ቅቤ ተቀብቶ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ደርግ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 ባዛወረ ጊዜ እናቴ አላዛወረችም። ቀበሌው በመጋቢት ያከብራል፤ እኛ ቤት በር ዘግተን በሚያዝያ። ስለዚህ የጩቤው መጥፋት የታወቀው በ1984ቱ ሚያዝያ 27 ዋዜማ ነው ማለት ነው። ከጥምቀት በኋላ ጾሙ ተከትሎ ስለነበር ሥጋ የሚዘለዝል አልነበረምና ማንም አላስተዋለም። ለፋሲካውም ሌላ ቢላ ስላላጣች «የትም ይኖራል» ብላ አልፋዋለች። ለድሉ ቀን ግን ሣጥን ተገለበጠ፤ ማድ ቤቱ ተፈተሸ።

ያን ጊዜ ቤታችን አንዲት ሠራተኛ ነበረች። ስሟን አልጽፍም። ከዓለም ጤና የመጣች፣ ዕድሜዋ ከእኔ ዕድሜ እኩል የሆነ ልጅ ነበረች። ከእሷ በቀር ማድ ቤት የሚገባ እንግዳ ሰው አልነበረምና ጥርጣሬው ወዲያው እሷ ላይ አረፈ። ማለች፤ አለቀሰች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አዲሱን ጂንስ ለብሼ። ምንም አልተናገርኩም። ልጅቱ በማግስቱ ልብሷን በሻሽ ቋጥራ ወደ መናኸሪያ ሄደች። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ተረቱ ስለ ወጊው ተሳስቷል፤ እኔ አልረሳሁም። ብረሳ ይሻለኝ በነበረ ቀንም አልረሳሁም።

ይህንን ጉድ ከሰው የነገርኩት ለታናሽ እህቴ ብቻ ነው። እህቴ በሰሜን ጣሊያን ከኖረች ሃያ ዓመት አልፏታል። ባለፈው ዓመት ለዕረፍት ስትመጣ ከሻንጣዋ ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ሰጠችኝ። ስፈታው ደነገጥኩ። የአያቴ ጩቤ! ግን አይደለም። አምሳያው ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በአውሮፓና በአሜሪካ የጥንት ጦር መሣሪያን በትክክል አስመስለው የሚሠሩና የሚሸጡ ብዙ ድርጅቶች አሉ። ገዥዎቻቸው ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኞቹ ሰብሳቢዎች ሲሆኑ፣ ሁለተኞቹ የቀድሞ ዘመን የደንብ ልብስ ለብሰው በሜዳ ላይ ያለፈ ውጊያን በትርኢት የሚደግሙ ሰዎች ናቸው። የሮማ ወታደር ጩቤ፣ የቬኒስ ባላባት ጩቤ፣ ከዚያም እንደ ዋዛ በዚያው ጠረጴዛ ላይ የጥቁር ሸሚዝ ጩቤ። በትርኢቱ ላይ ሰው እንዳይጎዳ ብዙውን ጊዜ ስለት አያወጡለትም። እህቴም ያገኘችው ከእንዲህ ያለ ገበያ ነው።

መቼም ትርኢቱን በጠቅላላው ልኮንን አልችልም። እኛስ የካቲት 23 ሲመጣ ምን እናደርጋለን? ጎፈሩ ሰው ሠራሽ፣ ጋሻው ከካርቶን፣ ጎራዴው ከእንጨት የሆነ ስንት «የምኒልክ ጦር» ፒያሳ ላይ ሲፎክር አይተናል። ደስ ይለናልም። ያለፈን ነገር በአምሳያ መድገም ነውር አይደለም። ነውሩ ያለው አምሳያው ከምን ጋር ተጠቅልሎ እንደሚሸጥ ላይ ነው። የእህቴ ጩቤ ከአንዲት ወረቀት ጋር ነበር የመጣው።

ወረቀቷ የአይብ መጠቅለያ የምታህል ናት። በጣሊያንኛና በእንግሊዝኛ ተጽፋለች። የሞዴሉን ዘመን፣ የብረቱን ዓይነት፣ የእጀታውን እንጨት ትዘረዝራለች፤ ይህን ጩቤ የታጠቁት ሰዎች ጀግንነታቸው የታወቀ ምርጥ ወታደሮች እንደነበሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታወሳለች፤ በመጨረሻም ከሕፃናት እንዲርቅ ታሳስባለች። አለቀ። የት ሄደ፣ ማንን ወጋ የሚል ቃል የለባትም።

የዘለለችውን እኔ ልሙላ። የዚህን ጩቤ የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ብንቆጥር የሚያደርሰን አድዋ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተሰለፈው የጣሊያን ጦር የያዘው ጠመንጃ ቬተርሊ ይባል ነበር፤ አፈሙዙ ላይ የሚሰካው ሳንጃ ጎራዴ የሚያህል ረጅም ነው። ቬተርሊ አርጅቶ በሌላ ጠመንጃ ሲተካ ሳንጃው በየመጋዘኑ ተከምሮ ቀረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1917፣ ጣሊያን «አርዲቲ» የተባለ፣ ትርጉሙም «ደፋሮች» የሆነ ልዩ የጥቃት ክፍል ስታቋቁም፣ ወደ ጠባብ ምሽግ ዘልሎ ለሚገባ ወታደር አጭር ጩቤ አስፈለገ። መጋዘኑ ተከፈተ፤ ያ ረጅም ሳንጃ እየተቆረጠ ጩቤ ሆነ። ጦርነቱ ሲያበቃ ከአርዲቲዎቹ ብዙዎቹ ጥቁር ሸሚዛቸውንና ጩቤያቸውን ይዘው ከሙሶሊኒ ጎን ተሰለፉ። እ.ኤ.አ. በ1923 ጥቁር ሸሚዞች በሕግ የመንግሥት ሚሊሺያ ሲሆኑ ጩቤውም አብሮ ወግ ደረሰው። በሰልፍ ላይ መዝዘው ወደ ሰማይ ሲያነሡት የሚያሳዩ ፊልሞች ዛሬም አሉ። በአድዋ የተሸነፈው ብረት ከአርባ ዓመት በኋላ አጥሮ ተመለሰ ብል ግነት ይሆንብኛል፤ ወደ እኛ የመጣውን ጩቤ ፋብሪካ አዲስ ቀጥቅጦታልና። ሐረጉ ግን ያ ነው።

ታዲያ ወረቀቷ ያወሳችው ጀግንነት የቱ ጋ ነው? በጥር 1928 ዓ.ም. ተምቤን ላይ የራስ ካሣና የራስ ሥዩም ሠራዊት ጥቁር ሸሚዞችን ከብቦ መተንፈሻ ሲያሳጣቸው ጩቤው አላዳናቸውም። ያዳናቸው ከአውሮፕላን የወረደው የመርዝ ጋዝና በኋላ የደረሰው ረዳት ጦር ነው። ጩቤው ያለ ሥጋት የተመዘዘው ያልታጠቀ ሕዝብ ፊት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ባለበት ግቢ፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ የፋሽስት ፓርቲው የአዲስ አበባ ኃላፊ ጉይዶ ኮርቴሴ ሰዎቹን ለሦስት ቀን በከተማዋ ላይ ለቀቃቸው። የሣር ቤቶችን በቤንዚን እየለኮሱ፣ ከእሳቱ የሚያመልጠውን በጩቤና በዱላ ጨረሱት። ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበችው የሟቾች ቁጥር 30 ሺህ ነው፤ ታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ከረጅም ጥናት በኋላ የደረሰበት ደግሞ ወደ 19 ሺህ ይጠጋል። በዚያው ሰሞን፣ ከስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ወዲያ ማዶ፣ ራስ ደስታ ዳምጠው ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው የካቲት 17 ቀን ተረሸኑ።

ለዚህ ሁሉ ፍርድ ቤት የቆመ የለም። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 በገዛ አገሩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተፈርዶበት ነበር፤ ያውም ከጀርመኖች ጋር ስለተባበረ እንጂ ስለ እኛ አይደለም፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ተፈታ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ ቆመለት። ወረቀቷ ስለ አንድ ጩቤ ዝም ብትል ከቶ ለምን ይገርመናል?

ይህን ሁሉ እያሰላሰልኩ ያደረግሁትን ልናገር። እኔና እህቴ ያሰብነው አምሳያውን በሣጥኑ ውስጥ አስቀምጠን «ተገኘ» ለማለት ነበር። ሐሳቡ የእኔ ነው። ግን የአያቴ ጩቤ የመነመነ፣ ይሄኛው ገና ሙሉ፤ የአያቴ ዓርማ የተፋቀ፣ የዚህ ደግሞ የሚያብለጨልጭ። ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት ጓሮ ተቀምጬ ሞረድ ይዤ ዓርማውን መፋቅ ጀመርኩ። አፎቱን በአሸዋ አሸሁት፤ እጀታውን በቡና አተላ አጠቆርኩት። እህቴ መጥታ ቆማ አየችኝ።

«እኔ ያመጣሁት አምሳያ ነው» አለችኝ። «የሸጠልኝም ሰው አምሳያ ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ። አሁን ነው ፎርጅድ ያደረግኸው።»

መልስ አልነበረኝም። ሞረዱን አስቀመጥኩ።

በማግስቱ መቂ ያለውን የእናታችንን ታላቅ ወንድም ልንጠይቅ ተነሣን። የፍጥነት መንገዱን ትተን በአሮጌው መንገድ፣ በሞጆ በኩል ወደ ቆቃ ወረድን። እህቴ ውኃውን ስታይ መኪናውን አስቆመችኝ። የቆቃ ግድብ በምን ገንዘብ እንደተሠራ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? እ.ኤ.አ. በ1947 የፓሪስ የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነባት። ዘጠኝ ዓመት ከተጓተተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ በ16.3 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተደረሰ፤ ከዚያም ገንዘብ ቆቃ ተገነባ። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ባለ 43 ሜጋዋት ጣቢያ ነው አዲስ አበባን ለዓመታት ያበራው። የመርዙ፣ የጩቤው፣ የተቃጠለው ቤት ሁሉ ዋጋ ተቆጥሮ መብራት ሆነ። ከፋዩ ከፈለ፤ ጥፋቱን ግን አልዘረዘረም። ተከፋዩም ብሩን ተቀብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ውኃው የተኛበት ምድር ደግሞ የጅሌ ኦሮሞ ግጦሽና መኖሪያ ነበር፤ እነሱ ከዚያ ካሣ የደረሳቸው መፈናቀል ነው። ይህ የእኛው መንግሥት ሥራ ነው፤ በጣሊያን ልናላክከው አንችልም።

ከቆቃ በኋላ የሚመጣው ከተማ ዓለም ጤና ነው። ሳልቆም አለፍኩት። እህቴ አየችኝ እንጂ ምንም አላለችም።

አጎታችን ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ደኅና ነው። «አካም ጅርቱ» ብለን ገብተን ወተት ከጠጣን በኋላ ስለ ጩቤው ጠየቅኳቸው፤ አያታችን አዋሽ ዳር ከአንድ ጥቁር ሸሚዝ ጋር ተናንቀው እንዴት እንደማረኩት፣ እናታችን ሁልጊዜ እንደምትነግረን።

አጎታችን ሳቁ። «የማረከ ማን ነው? ተለውጦ ነው እንጂ።»

በእሳቸው አነጋገር ነገሩ እንዲህ ነው። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ የእንግሊዝ ጦር ከአዋሽ ተሻግሮ አዳማን አልፎ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ የተበተነው የጣሊያን ወታደር በየገጠሩ ተንጠባጥቦ ነበር። አንዱ በጨለማ አያቴ ደጃፍ መጣ። ረኃብ ገድሎታል። አያቴ አርበኛ ነበሩ፤ ጠመንጃቸው በእጃቸው ነበር። ግን ሴት አያቴ «በደጄ ሰው አይሞትም» አሉ። አንድ ድፎ ዳቦና አንድ ጣሳ ወተት ተሰጠው፤ ሰውየው የሚሰጠው ሌላ ነገር ስላልነበረው ጩቤውን ከወገቡ ፈትቶ መሬት ላይ አስቀመጠና ሄደ።

«ታዲያ ለምን ማረክሁት አሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ልጆች ደስ እንዲላቸው ነው» አሉ አጎታችን። «ደግሞስ በዚያ ዘመን ለጣሊያን ዳቦ ሰጠሁ ብሎ በአደባባይ የሚናገር አለ?»

ወደ አዳማ ስንመለስ ብዙ አልተነጋገርንም። ያ ጩቤ የጀግንነት ምርኮ ነው ብዬ አርባ ዓመት ያህል አምኛለሁ፤ ስሸጠውም የምሸጠው ምርኮ መስሎኝ ነበር። ለካ የሸጥኩት የሴት አያቴን ዳቦ ነው። ከምርኮው ይልቅ ይህ አንገበገበኝ።

በዚያው ሳምንት እሑድ እናቴ ሥጋ ልትዘለዝል ማድ ቤት ተቀምጣ ሳለች ጩቤውን ይዤ ገባሁ። ግማሽ ዓርማው ተፍቆ፣ ግማሹ ያብለጨልጫል። ምንም ሳልላት ተቀበለችኝ። አገላበጠችው፤ በእጇ መዘነችው፤ ከዚያ ሥጋው ላይ አሳረፈችውና ሳበችው። አልቆረጠም። ደገመች። ሥጋው ተጎተተ እንጂ አልተከፈለም።

«ይሄ የአባቴ አይደለም» አለች። ቁጣ አልነበረባትም። «ወረቀትም አለው እንዴ? ምን ይላል?»

ወረቀቷ ከእጄ ላይ ነበረች። «ከልጆች ይራቅ ይላል» አልኳት።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በኋላ ነው ሁሉንም የነገርኳት። ላንጋኖውን፣ ሱሪውን፣ በሩ ላይ መቆሜን። እህቴ ከበስተኋላዬ ቆማ ነበር። እናቴ እጇ የሥጋ ደም እንደነካው ዝም ብላ ሰማችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር። ስለ ጩቤው አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

«ያቺ ልጅ» አለች በመጨረሻ። «የሁለት ወር ደመወዟን ይዤባት ነው ያባረርኳት። ለጩቤው ብዬ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ሦስት አሥርት ዓመታት በአንድ ቤት ኖረን እሷም ይህን ይዛ፣ እኔም ያንን ይዤ።

እጇን ታጠበችና ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። ተመልሳ ስትመጣ በሻሽ ጫፍ የተቋጠረ ብር ይዛ ነበር። የሁለት ወር ደመወዝ በዚያ ዘመን አርባ ብር ነበር፤ በዛሬ ገንዘብ ስንት ይሆናል ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የምጣኔ ሀብት ጽሑፍ በየሳምንቱ የምጽፍ ሰው፣ ማስላት አቃተኝ። እህቴ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ ከእናቴ ጋር ተቀመጡ፤ የጤፍ ዋጋ በዚያን ጊዜ ስንት ነበር እያሉ ሲከራከሩ አመሹ።

ዓለም ጤና የልጅቱን ቤተ ዘመድ የሚያውቅ አንድ የባጃጅ ሾፌር አግኝቻለሁ። በሕይወት እንዳለች፣ ልጆችም እንዳሏት ነግሮኛል። የፊታችን ቅዳሜ እናቴን ይዤ እሄዳለሁ። በሩን ትከፍትልን እንደሆነ አላውቅም። እናቴ ድፎ ዳቦ ትጋግራለች፤ ዛሬ ማታ ዱቄቱን ነፍታ አስቀምጣለች።